የተጠማዘዘው አንጀት

ጋሽ ሃድጉ ሆዳቸው ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ ይወዳሉ። ድሮ ሰው ሲመጣባቸው ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን የሚሸፍኑ ሰውዬ፣ አሁን በር ሲንኳኳ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። እንግዳው «እንዴት ነዎት፣ ተሻለዎት?» ብሎ ሳይጨርስ ፎጣ ያስመጣሉ። ጫፍና ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልብስ አጣቢ ይጠመዝዙታል።

«አንጀቴ እንዲህ ሆኖ ነበር። አየህ? እንዲህ ተጠማዝዞ ምን ያልፋል? ውኃ እንኳ አያልፍም። ዶክተሩ ከፈተ፣ ፈታ፣ ሰፋ። አለቀ። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ በደህና ይወጣል፤ እኔ ከዘጠና አምስቱ ነኝ።»

መቶን ሳይጠሩ ወሬ አይሆንላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በበቅሎ እየዞሩ ሰው ቆጥረዋል፣ ጎጆ ቆጥረዋል፣ ፍየል ቆጥረዋል። ቁጥራቸው ተሳስቶ አያውቅም ይባላል፤ የሚሉትም ራሳቸው ናቸው። ይህችን ዘጠና አምስት ግን የሰጣቸው ልጃቸው አሉላ ነው። አሉላ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ እንጂ ሐኪም አይደለም።

ፎጣውን የምታቀብለው ሴት ልጃቸው ሉሊ ናት። ፎጣው በተጠመዘዘ ቁጥር ዓይኗን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች፤ የጋሽ ሃድጉ አንጀት ተጠማዝዞ አያውቅማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ውስጥ አንጀታቸው ድንገት ተዘጋ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ በድንገተኛ ገቡ፤ ሐኪሞቹ ሲከፍቱ ያገኙት ዕጢ ነበር። ቆርጠው አወጡት፣ ለምርመራ ላኩት፣ ውጤቱ ካንሰር ሆኖ ተመለሰ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ጉበታቸው ላይ ሁለት ነጥቦች አሳየ፤ በሽታው ከአንጀት ተነስቶ ጉበት ደርሷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተነገረው ለአሉላ ነው። በእኛ አገር ውጤት ለታመመው ሰው አይነገርም፤ ኮሪደር ላይ ለቆመው ጤነኛ ነው የሚነገረው። አሉላም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አባቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «አቦይ፣ አንጀትህ ተጠማዝዞ ነበር፤ ፈቱት» አለ።

ለእህቱም ያንኑ አላት። ሉሊን ግን በወረቀት ነገር ማታለል ከባድ ነው። ካዛንቺስ፣ ከሰፈሩ ፈረሳ በተረፈ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አላት። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ኮሌጅ የገቡ ጓደኞቿ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያስተይቡ ሲመጡ ግን የምታርምላቸው እሷ ናት፣ ያውም ስድብ መርቃ። ከበላይዋ ባለው ክሊኒክ ምክንያት ስንት ሺህ የሕክምና ወረቀት በእጇ አልፏል፤ የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ሳትፈታው አታድርም። ከአሉላ ጃኬት ደረት ኪስ ያገኘችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንዴ ለመረዳት፣ አንዴ ለማመን።

«እኔንም?» አለችው ያኔ። «እኔንም ከእንግዳ ጋር ደመርከኝ?»

«አፍሽን ስለማውቀው ነው» አለ አሉላ። «ስቀሽ ታፈነጂዋለሽ፣ ተቆጥተሽ ታፈነጂዋለሽ። ሰውዬው ከሰማ በሽታው ሳይሆን ወሬው ነው የሚገድለው። ተይ ሉሊ፣ ይጠገን መጀመሪያ።»

ሉሊም ተወችው። ካዛንቺስ ውስጥ ደላላና ደንብ አስከባሪ የሚፈራት ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ፎጣ እያቀበለች ዝም አለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማክሰኞ ዶክተር ለሊሳ ሁለቱን ልጆች አስጠራቸው። ቀዶ ሐኪም ነው፣ ወጣት፣ ዓይኑ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል።

«ደህና ወሬ ነው ያለኝ» አለ። «ሁለቱም ነጥቦች በአንድ ወገን ናቸው፣ ትንንሽ ናቸው፣ ሌላ ቦታ ምንም አልታየም። ተቆርጠው ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ዕድል ለሁሉም አይገኝም፤ ብዙው ሰው እዚህ የሚደርሰው ጉበቱ ሙሉ በሙሉ ከተያዘ በኋላ ነው።»

አሉላ ተነስቶ ሊስመው ምንም አልቀረው። «መቼ ዶክተር?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀን አለኝ። ዝርዝሩ ግን ሰኞ ይዘጋል። እስከ ሰኞ ድረስ እሳቸው መጥተው፣ በሽታቸውን አውቀው፣ ተስማምተው መፈረም አለባቸው። ካልሆነ ቀኑን ለሌላ ታካሚ እሰጣለሁ። የሚቀጥለው መቼ እንደሚገኝ አላውቅም፤ በሽታው ደግሞ ቆሞ አይጠብቀንም።»

«እኛ እንፈርምለታለን።»

«አእምሮው ጤነኛ ለሆነ ሰው ልጁ አይፈርምለትም፣ አሉላ። ደግሞስ ከዚያ በኋላ ኬሞ አለ፤ ወራት ይፈጃል። ለተጠማዘዘ አንጀት ኬሞ የሚሰጠው የት አገር ነው?» ለሊሳ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። «ፈርታችሁ እንደሆነ አምጡልኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አምጡልኝ ማለት ቀላል ነው። ላንቻ፣ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ የተከራዩት ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ሃድጉ ራታቸውን በልተው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ነገሩን ሰሙ።

«ሰኞ ሐኪም ቤት? ለምን?»

«ጉበትህን ሊያዩልህ ነው አቦይ» አለ አሉላ። «ቼክአፕ በለው።»

«የታመመው አንጀቴ ነበር። ተፈታ። ጉበቴ ምን አደረጋችሁ?»

«በዚያው ነው፤ ማለቴ… አንዴ ከተከፈተ ዙሪያውን ማየት ጥሩ ነው።»

«እኔ መኪና ነኝ? ዘይት ልትቀይርልኝ ነው?» ጋሽ ሃድጉ ስንጥራቸውን ሰሃኑ ላይ ጣሉ። «ስማኝ አሉላ። ሐኪም ቤት ጤነኛ ሰው አስገብቶ በሽተኛ ማውጣት ያውቅበታል። አስራ ሁለት ቀን ተኝቼ አይቻለሁ። ከእንግዲህ በእግሬ አልገባም።»

«አቦይ፣ ዶክተሩ ራሱ ነው ያለው» አለች ሉሊ።

«ዶክተሩ ሰፍቶ ጨርሷል። አመስግኛለሁ። እግዜር ይስጠው። በቃ!»

በቃ ካሉ በቃ ነው። ውሸቱ እንዲህ አምሮ ተሠርቷል፤ ስፌቱ አይታይም፣ ቀዳዳ የለውም፣ መውጫም የለውም። አሉላ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲጋራውን ለመለኮስ ሦስት ክብሪት ፈጀ። ሉሊ አጠገቡ ቆማ አንድም ቃል አልወረወረችበትም። ያስፈራው ይኸው ነበር።

«እሺ ስደቢኝ» አላት።

«ስድቡ አለ፤ ይቆይልህ። አሁን ሰኞን ነው የማስበው።»

በማግስቱ ማታ ራሷ ልትነግራቸው ቆረጠች። ሻይ ይዛ ገባች። አባቷ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ በፎቶ ኮፒው ጩኸት መሃል ያሰናዳችው ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ አጭር፣ ጨዋ፣ የማያስደነግጥ። «አቦይ» አለች።

«ወይ ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው ጠበቋት። ጉንጫቸው ከጥር ወዲህ ሞላ ብሏል። ደስተኛ ናቸው።

«ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችና ወጣች።

ወጥ ቤት ገብታ ራሷን ረገመች። ሰው ስትሰድብ አንድ ቀን እንኳ ተንተባትባ አታውቅም። እውነት ስትናገር ምላሷ እንደ እርጥብ ካርቶን ሆነ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ ጋሽ ገብረሕይወት ዘንድ ሄደች። ጋሽ ገብረሕይወት የእድራቸው ዳኛ ናቸው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ጎረቤቱ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ፣ የቀረው በየዘመዱ ተበተነ፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። አሁንም ሰው ሲሞት ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። ሽማግሌው ለሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ሰፈር ያልተናገሩት መርዶ የለም። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ፊታቸው ረጅም ነው፤ እግዚአብሔር ለዚሁ ሥራ ብሎ የሠራቸው ይመስላሉ።

ሉሊ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዕጢውን፣ ጉበቱን፣ ሰኞን። ሽማግሌው ሲሰሙ ከንፈራቸውን አንዴ እንኳ አልመጠጡም።

«አባትሽ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ ጋሼ። ፎጣ እየጠመዘዘ ነው።»

«ለኔም ጠምዝዞ አሳይቶኛል» አሉ በሐዘን። «እና እኔ እንድነግርልሽ ነው?»

«እርስዎ ይችሉበታል። እሱም የእርስዎን ቃል ይሰማል። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል፤ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።»

«ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን።»

«በስንት ሰዓት?»

«እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ ነው የሚነገረው። አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺ፤ የቀረውን ተይልን።»

ሉሊ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ወደ ሱቋ በእግሯ ስትመለስ ትከሻዋ ቀሎ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ወረቀት ላይ የአንድ ፊደል ግድፈት የማያመልጣት ልጅ፣ ሽማግሌው «እንመጣለን» ሲሉ ስንት ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይገልጥ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሩ በዝግታ ተንኳኳ። ሉሊ ከፈተች። ጋሽ ገብረሕይወት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሰው አለ። ከሰውየው ኋላ ሌላ ሰው አለ። አጥሩ ድረስ ቆመዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ገልብጠው ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ውጭ መንገዱ ላይ ከገላን ያመጣቸው ሚኒባስ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። እትዬ ጀማነሽ፣ የድሮ የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ በአንድ እጃቸው የውኃ ጆግ፣ በሌላው በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሳፋ ይዘዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሉሊ በሹክሹክታ።

«ዞር በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረሕይወት በዚያ ድምፃቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ነው!»

«እና እንዴት ነው የሚነገረው?» አሉ ሽማግሌው። ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

አሉላ ከመኝታው ተነስቶ በካልሲው ብቅ ሲል፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ጋሽ ሃድጉ የጠዋት ጸሎታቸውን ጨርሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩ። ዓይናቸው ከልማዳቸው ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰው በዚህ ሰዓት፣ ጥለት ተገልብጦ።

ቀስ ብለው ተነሱ።

«ካሳይ ነው?» አሉ።

ካሳይ ታናሽ ወንድማቸው ነው፣ አዲግራት ነው ያለው። ያኔ በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ዘመን፣ ጋሽ ሃድጉ በየጠዋቱ ይህችን ማንኳኳት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሰፈር ውስጥ ለስንቱ የትግራይ ሰው የዓመት፣ የዓመት ከመንፈቅ መርዶ እንዲህ በንጋት መጥቷል። የእሳቸው ሳይመጣ ስልኩ ተከፈተ፣ ካሳይም በሕይወት ተገኘ። ጋሽ ሃድጉ ግን መጠበቁን ጨርሰው አልተዉትም ነበር።

«ካሳይ ነው። ንገሩኝ። ወንድሜ ነው!»

«ተቀመጥ ሃድጉ» አሉ ጋሽ ገብረሕይወት።

ተቀመጥ ማለት በቃ አዎ ማለት ነበር። ጋሽ ሃድጉ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ «ወንድሜ! የእናቴ ልጅ!» እያሉ ጮኹ። እትዬ ጀማነሽ ለምን እንደመጡ ረስተው «ወይኔ ካሳዬ!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ካሳይን አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏቸው። የአከራይ ቤት መብራት በራ።

«ጀማነሽ፣ ዝም በይ! ዝም በሉ ሁላችሁ!» ጋሽ ገብረሕይወት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተበላሽቶባቸው አያውቅም። «ካሳይ አይደለም! ካሳይ አልሞተም!»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ሃድጉ በእንባ ታጥበው።

«አንተ ነህ!»

የእትዬ ጀማነሽ እጅ ደረታቸው ላይ ቀረ።

«እኔ ምን?»

«አንተ ነህ የ… አልሞትክም፣ ማለቴ። ታመሃል። ልጆችህ መናገር አቅቷቸው ነው። አንጀትህ አልተጠማዘዘም ነበር ሃድጉ። ካንሰር ነው። ከአንጀትህ አውጥተውታል፤ ጉበትህ ላይ ደግሞ ትንሽ ተገኝቷል፤ እሱንም ቆርጠን እናወጣለን ብለዋል። ለዚህ ነው የመጣነው።»

ጋሽ ሃድጉ ይህን ሰምተው ያሉትን ነገር ሉሊ ዕድሜ ልኳን የምትረሳው አይመስላትም።

«ካሳይ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«በማርያም በል።»

«በማርያም።»

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ሃድጉ። «ተመስገን! ተመስገን!» እንባቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰዎቹ ሊደግፏቸው ተጠጉ። ሲጠጉ ሳቅ መሆኑን አዩ። «ይሄ ሁሉ ሰው ለኔ ነው? ከገላን ድረስ? በዚህ ሰዓት? ሞቼ ቢሆን እንኳ ግማሻችሁ ተኝታችሁ ትቀሩ ነበር!»

ቃል ብቻ አልበቃቸውም፤ እዚያው ካሳይ ጋ ደወሉ። «እንታይ ኮይንካ?» አለ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ድምፅ፤ ምን ሆነሃል ማለቱ ነው። «ምንም፤ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አሉት። ወንድምየው በትግርኛ የረገማቸውን ሁሉ ፈገግ ብለው አዳመጡና ዘጉ። ስልኩን ትራሱ ላይ ሲያስቀምጡ ፈገግታው አብሮ ወረደ።

«አሉላ።»

«አቤት አቦይ።»

«ሦስት ወር።»

አሉላ መሬት መሬቱን አየ።

«ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ? ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ፎጣ ጠምዝዣለሁ። ዘጠና አምስት ከመቶ ብያለሁ። እኔ ሃድጉ፣ ያላጣራሁትን ቁጥር በሰው ፊት አወራሁ። በሽታውስ በሽታ ነው፤ ማን አመጣው አልልም። መሳቂያ ያደረጋችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ።»

«ልትጎዳ ነው ብዬ ፈርቼ ነው» አለ አሉላ። ወደ ግቢው ወጣ። ካልሲው ጤዛ ላይ ራሰ።

ሉሊ አፏ ላይ የደረሰ ነገር ነበር፤ እሱ ነው፣ እኔ ገና ድሮ ይነገረው ብዬ ነበር የሚል። እውነትም አልነበረም፣ ለወንድሟም አይገባውም። ዋጠችው።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች። «ረቡዕ ማታ ልነግርህ መጥቼ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«አንቺ? አፍሽ?» ጋሽ ሃድጉ ከካንሰሩ ይልቅ በዚህ የደነገጡ መሰሉ። ትንሽ አሰቡና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ለመሆኑ ጀማነሽ፣ ሳፋው ውስጥ ምንድን ነው?»

እትዬ ጀማነሽ አፈሩ። «ንፍሮ ነው። ሌሊት ቀቀልኩት… መቼም ሰው ይቀመጣል ብዬ።»

«አምጪው እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እንዲህ ሆነና ዘጠኙ ሰዎች እስከ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ንፍሮውን በሉ። ጋሽ ሃድጉ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። የለቅሶ ንፍሮዬን ራሴ ቀመስኩት፣ ጨው አንሶታል፣ ለዋናው ቀን አስተካክዪ ሲሉ እትዬ ጀማነሽ «አፍዎን ይቁረጠው!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ገብረሕይወት ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ሉሊን ወደ ጎን ጠርተው፣ «እኔ ሌላ አነጋገር አላውቅበትም ነበር ልጄ» አሏት። ሉሊ ጉልበታቸውን በድጋሚ ሳመች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሃድጉ ከረባት አስረው ሐኪም ቤት ሄዱ። በእግራቸው ገቡ። ዶክተር ለሊሳ ፊት ሲቀመጡ ከኪሳቸው የማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጡ።

«አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ከመቶ ሰው ስንቱ አምስት ዓመት ይኖራል?»

ለሊሳ ቀና ብሎ ልጆቹን አየ።

«እነሱን አትይ፤ እኔን እየኝ።»

«እሺ ጋሽ ሃድጉ» አለ ሐኪሙ፤ ወንበሩንም ወደፊት ሳበ። «በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ሁሉም ሰው ሲቆጠር፣ ውጭ አገር በተደረጉ ጥናቶች፣ አምስት ዓመት የሚደርሰው ከመቶው አስራ አምስት ቢሆን ነው። እንደ እርስዎ ጉበት ላይ ብቻ ሆኖ፣ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ የሚወጣ ሲሆን ግን ወደ አርባ ይጠጋል።»

ጻፉ። «ካልተቆረጥኩስ?»

«በመድኃኒት ብቻ ብዙው ሰው ሁለት ዓመት፣ ሲበዛ ሁለት ዓመት ተኩል። ያለ ምንም ሕክምና በወራት ነው የምንቆጥረው።»

«ቢላዋው ራሱስ?»

«ከመቶ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ከቀዶ ሕክምናው ላይነሳ ይችላል። በተረፈ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሐሞት ሊፈስ ይችላል። ተቆርጦ ከወጣ በኋላም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ከግማሽ በላዩ ይመለስበታል። አልሸፍንብዎትም።»

«አትሸፍን። የአገራችን ቁጥርስ?»

«የኛ ገና በደንብ አልተቆጠረም» አለ ለሊሳ። « የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ መጥቶም ከመሃል ይጠፋል። ስልኩ አይሠራም፣ ሰፈሩን ለቋል፣ ቤተሰቡ ጸበል ወስዶታል። እኛ የምናየው ካርዱን ብቻ ነው። ኖረ ይሁን ሞተ አናውቅም።»

«እኛ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘነውን ባዶ ነው ብለን አንጽፍም ነበር» አሉ ጋሽ ሃድጉ። «ሦስት ጊዜ ተመላልሰን እናንኳኳ ነበር።» ደብተራቸውን ትክ ብለው አዩ። ሉሊ ከጎናቸው ሆና ቁጥሮቹን ታያለች፤ አርባ፣ አስራ አምስት፣ ሦስት። እነዚህን ቁጥሮች ከወር በፊት ብቻዋን፣ ሱቋ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ አንብባቸው ነበር። ያኔ አስራ አምስቱን ብቻ ነበር ያየችው። አባቷ እርሳሳቸውን ያሳረፉት አርባው ላይ ነው።

«ከዘጠና አምስት ወደ አርባ አወረዳችሁኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ይሄኛው እውነተኛ ነው። ወረቀቱን አምጣው።»

ሐኪሙ የስምምነት ቅጹን አቀረበ። ሉሊ እጇን ዘረጋች፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ የሷ ሥራ ነው። ጋሽ ሃድጉ ግን በእጇ ላይ አሳልፈው ለአሉላ ሰጡት።

«አንብብልኝ።»

«አቦይ፣ ሉሊ እኮ…»

«አንተ።»

አሉላ ወረቀቱን ተቀበለ። የሞተር ዘይት በሰረገበት አውራ ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ጀመረ። «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ታካሚ… ያለብኝ ሕመም የትልቁ አንጀት…» ቆመ። ከውጭ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ተሰማ።

«የትልቁ አንጀት ምን?» አሉ ጋሽ ሃድጉ።

«ካንሰር» አለ አሉላ። «ካንሰር መሆኑና ወደ ጉበቴ መሰራጨቱ በሚገባኝ ቋንቋ ተነግሮኝ…»

«ከመጀመሪያው። ሳትቆም።»

ከመጀመሪያው አነበበው። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁ ደረቅ ነበር፣ ግን አልተሰናከለም። እስከ ታች፣ እስከ ቀን መጻፊያው ድረስ ወረደ። ጋሽ ሃድጉ ዓይናቸውን ከልጃቸው ፊት ሳያነሱ ሰሙት፤ ሲጨርስ እስክሪብቶ ተቀብለው ያንን ረጅም የመንግሥት ሠራተኛ ፊርማቸውን ፈረሙ።

አሉላ አሁንም ወረቀቱን አልለቀቀውም። «ዶክተር» አለ፣ «እስከዚያ ድረስ ምን ምን ይብላ?»

ለሊሳ ለአሉላ አልመለሰም። ወደ ጋሽ ሃድጉ ዞረ። «ይብሉ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ያገኙትን ይብሉ፤ አቅም ያስፈልግዎታል። በየቀኑ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ።»

«ጥሬ ሥጋስ?»

«ጥሬ አይሆንም።»

«ትንሽ? ቄራ እኮ ቅርባችን ነው፤ በእግሬ ሄጄ፣ በዚያውም ግማሽ ሰዓቱን…»

«ጋሽ ሃድጉ!»

«እሺ፣ ጠብሰው ይሰጡኛል» አሉና ደብተራቸውን ከፍተው ከአርባው በታች «ጥሬ፣ አይሆንም» ብለው ጻፉ።